ሁለት ጊዜ በጠመንጃ ሞክሮ የወደቀው ፓርቲ በምርጫ እንዴት አሸነፈ? (ስለ ስሪ ላንካ ግራ ዘመም ፖለቲካ)

ጥያቄ፦ የሥነ ዜጋ መምህሩ፣ ደብረ ብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። በቅርቡ ስለ ምርጫ ሥርዓት ሳስተምር ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ፣ «መምህር፣ ኮሙኒስት ሥልጣን የሚይዘው በጠመንጃ ብቻ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። በ2024 በስሪ ላንካ የሆነውን በዜና በሰማሁት መጠን ነገርኩት። ልጁ ጥቂት አሰብ አደረገና፣ «በምርጫ ማሸነፍ ከቻሉ ቀድሞ ያን ሁሉ ሰው ለምን አስፈጁ?» አለኝ። ደወል ተደወለና ዳንኩ።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰንብቻለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥር ግን ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበብኝ። (ስለዚያች አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ መላሾችም እንዲሁ ብታደርጉ አንደናገርም።) በደሴቲቱ ሁለት የግራ ጎራዎች እንደ ነበሩ ተረድቻለሁ። የመጀመሪያው በ1935 የተመሠረተው ላንካ ሳማ ሳማጃ ፓርቲ ሲሆን፣ መሪዎቹ በለንደንና በአሜሪካ የተማሩ፣ ስታሊንን ትተው ትሮትስኪን የተከተሉ፣ በፓርላማ ክርክር የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ሮሃና ዊጄዌራ በ1965 የመሠረተው ጃናታ ቪሙክቲ ፔራሙና፣ ማለትም የሕዝብ ነፃ አውጪ ግንባር ነው፤ ይኸኛው በ1971 አንድ ጊዜ፣ ከ1987 እስከ 1989 ደግሞ ሌላ ጊዜ በመንግሥት ላይ ተነሥቶ ሁለቱንም ጊዜ በደም ተደመሰሰ። የተማሩት ሰዎች ሕጋዊ ፓርቲ ዛሬ ስሙ እንኳ አይነሣም። ሁለት ጊዜ የተደመሰሰው ግን መሪውን አኑራ ኩማራ ዲሳናያኬን በመስከረም 2024 ለፕሬዚዳንትነት አበቃ፤ ብሔራዊ የሕዝብ ኃይል የተባለው ጥምረቱም በኅዳር ከ225 የፓርላማ መቀመጫዎች 159ኙን ወሰደ።

ይህ የሆነበትን ምክንያት፣ የሚያዛልቅ መሆን አለመሆኑንም ጭምር፣ የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። የእኛን የ1960ዎቹን ትውልድ ጉዳይ በክፍል ውስጥ ሳነሣ ግማሹ ተማሪ ከአያቱ የሰማውን ቂም ይዞ ስለሚመጣ፣ በሩቅ አገር ምሳሌ በኩል ብገባ ይሻላል ብዬ ነው።

መልስ 1፦ ጡረተኛው፣ አንኮበር

ልጄ፣ እኔም በዚሁ ሙያ ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬበታለሁና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ያነበብከው ትክክል ነው፤ የቀረህ ነገር ቢኖር ያ አሮጌ ፓርቲ የሞተበትን ቀን ማወቅ ነው። እኔ እንደማምነው በ1971ም በሌላ ጊዜም በጥይት አልሞተም፤ በገዛ እጁ፣ ቀስ በቀስ፣ በቋንቋ ጉዳይ ነው የሞተው።

አነሣሡን ተመልከት። በ1934 እና 1935 በደሴቲቱ ላይ ከባድ የወባ ወረርሽኝ ወርዶ ገበሬው እንደ ቅጠል ሲረግፍ፣ እነዚያ ከለንደን የተመለሱ ወጣቶች መድኃኒትና ምግብ ተሸክመው ወደ ገጠር ገቡ። ከመካከላቸው የኢኮኖሚ ሊቅ የነበረው ኤን. ኤም. ፔሬራ ምስር እያዞረ ያከፋፍል ስለ ነበር ገበሬዎቹ «ፓሪፑ ማሃትማያ»፣ በእኛ አነጋገር «ጌታው ምስር» የሚል ስም አወጡለት። ምስር ማለት ለታመመ ሰው ምን እንደ ሆነ ለእኛ አገር ሰው አይነገርም። ፔሬራና ጓዱ ፊሊፕ ጉናዋርዴና በ1936 ምክር ቤት የገቡት በዚሁ በተሠራው ሥራ ነው። ፓርቲው ገና ሲመሠረት ካቀረባቸው ጥያቄዎች አንዱም በበታች ፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ የሕዝቡ ቋንቋዎች፣ ብዙኃኑ የሚናገረው ሲንሃላም በቁጥር የሚያንሱት የሚናገሩት ታሚልም፣ እንዲሠራባቸው የሚል ነበር። ልብ በል፣ ሁለቱም ነው ያሉት።

በ1947 ምርጫ ግራዎቹ በሦስት ተከፍለው እንኳ ከ95 መቀመጫዎች 18ቱን አገኙ። ነሐሴ 12 ቀን 1953 ደግሞ መንግሥት የአንድ መስፈሪያ ሩዝ ዋጋ ከ25 ወደ 70 ሳንቲም በማድረጉ በጠሩት አድማ አገሩ ቀጥ አለ፤ ባቡር ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ሚኒስትሮቹም ፈርተው ስብሰባቸውን ኮሎምቦ ወደብ ላይ በቆመ የእንግሊዝ የጦር መርከብ ውስጥ አደረጉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዳድሊ ሴናናያኬ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ። የግራው ጉልበት ከዚያ ወዲያ ያን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ 1956 መጣ። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬ ሲንሃላ ብቻ የመንግሥት ቋንቋ ይሁን የሚለውን ሕግ ሲያቀርብ፣ የሳማ ሳማጃው የሕግ ሊቅ ኮልቪን አር. ደ ሲልቫ ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ፣ ባጭሩ፣ ሁለት ቋንቋ ካላችሁ አንድ አገር ይኖራችኋል፤ አንድ ቋንቋ ካላችሁ ሁለት አገር ይሆናል አለ። ትንቢቱ እንዴት እንደ ተፈጸመ ከ1983 እስከ 2009 በመንግሥትና በታሚል ታጣቂዎች መካከል የዘለቀው ጦርነት ይመሰክራል። ነገር ግን ያው ፓርቲ በ1964 በሚስቱ በሲሪማቮ ባንዳራናይኬ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትርነት ለማግኘት ሲል የሠራተኛ ማኅበራቱን 21 ጥያቄዎች ትቶ ገባ፤ የትሮትስኪ ተከታዮች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው አራተኛው ኢንተርናሽናልም አባረረው። ጥር 8 ቀን 1966 ለታሚል ቋንቋ ጥቂት መብት የሚሰጥ ደንብ ሲወጣ ከብሔርተኞቹ ጋር ተቃውሞ ሰልፍ ወጣ፤ በሰልፉ የተጮኸው መፈክር እንደገና ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ዳድሊ በሆዱ ውስጥ «ማሳላ ቫዴ» ይዟል የሚል ነበር። ይህ ቫዴ የሚሉት ነገር ታሚሎች ከክክ ጠፍጥፈው የሚጠብሱት ምግብ ነው። በምስር የተወደደ ፓርቲ በሠላሳ ዓመቱ በክክ ሲሳለቅ አየነው ማለት ነው።

መጨረሻው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1972 ለሲንሃላ ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋነት፣ ለቡድሃ ሃይማኖትም ቀዳሚ ስፍራ የሰጠውን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው ሚኒስትር ያው ኮልቪን ነበር። በ1977 ምርጫ የግራዎቹ ፓርቲዎች አንድም መቀመጫ አላገኙም። ብሔርተኝነትን የሚፈልግ መራጭ ዋናውን ብሔርተኛ ይመርጣል እንጂ ቅጂውን ለምን ይመርጣል?

መልስ 2፦ ባና ለባሹ፣ መሐል ሜዳ

ለጋሼ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም የጻፉት ሁሉ ከላይ ያሉትን ሰዎች የሚመለከት ነው። መምህሩ የጠየቁት ግን ወጣቶቹ ለምን ጠመንጃ አነሡ የሚል ይመስለኛል።

ነገሩ ከመሬትና ከትምህርት ይጀምራል። በሩዝ አገር የነበረው ጭሰኛ «አንዴ» በሚባል ሥርዓት ያርስ ነበር፤ ቃሉ በሲንሃላ ግማሽ ማለት ሲሆን፣ አራሹ ከምርቱ ግማሹን ለባለ መሬት ይሰጣል። ከእኛ የእኩል አራሽ ጋር አንድ ነው። ፊሊፕ ጉናዋርዴና የእርሻ ሚኒስትር ሆኖ በ1958 ያወጣው የሩዝ መሬት ሕግ ይህን ወደ አንድ አራተኛ ለማውረድ፣ አራሹም እንዳይነቀል ለማድረግ ሞከረ። (ይህ ሰው የቋንቋ ሕጉን ካወጣው ከባንዳራናይኬ መንግሥት ጋር የገባው ከሁሉም ቀድሞ ነው፤ ጋሼ ዘለሉት።) እኛ መንዞች በአብዛኛው ርስተኞች ስለ ነበርን «መሬት ላራሹ» ሲባል አባቶቻችን መሬቱ መቼ ከእጃችን ወጣና ብለው እንደ ተገረሙ ሲወራ ሰምቻለሁ፤ በደቡብ ለነበረው ጭሰኛ ግን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ሌላ ዓለም ነበር። በስሪ ላንካም ልክ እንደዚሁ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል።

ከ1945 ጀምሮ ትምህርት በነፃ ሆነና የገበሬው ልጅ በሲንሃላ ቋንቋ እየተማረ እስከ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ሲጨርስ ግን ደህናው ሥራ አሁንም እንግሊዝኛ ለሚችለው ለኮሎምቦ ልጅ ሆነ። የዩኒቨርሲቲ ወጣቶች እንግሊዝኛን «ካዱዋ» ማለትም ሰይፍ የሚል ስም ሰጥተውታል፤ አንገት ስለሚቀላ ነው። በሞስኮ ሕክምና ጀምሮ ያቋረጠው ዊጄዌራ የደረሰው እነዚህን ልጆች ነበር። አምስት ትምህርቶች አዘጋጅቶ በጥናት ክበብ በየመንደሩ በስውር አስተማራቸው፤ አሮጌዎቹ ግራዎች ከድተዋችኋል የሚለው ቃል ለማስረዳት ብዙ አላስቸገረውም፣ ምክንያቱም ጋሼ እንዳሉት አሮጌዎቹ በ1970 እንደገና ሚኒስትር ሆነው ተቀምጠዋል። ወጣቶቹ ሚያዝያ 5 ቀን 1971 ሌሊት በመላ አገሪቱ ፖሊስ ጣቢያዎችን ለማጥቃት ሲቀጣጠሩ ወላዋያ የተባለችው ከተማ ቡድን ከሰዓቱ ቀድሞ በማለዳ ተኮሰና መንግሥት ነቃ። ዊጄዌራ ራሱ በዚያን ጊዜ ጃፍና እስር ቤት ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች አለቁ፤ ብዙዎቹ በእጅ የተሠራ ቦምብና የአደን ጠመንጃ የያዙ ነበሩ። መንግሥት ውስጥ የነበሩት ማርክሲስቶች ደግሞ ያንን ጭፍጨፋ ከወንበራቸው ሆነው አጸደቁ። አሮጌው ግራ ሞተ ከተባለ ለእኔ የሞተው በዚያ ሳምንት ነው።

ለተማሪው ጥያቄ የምሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ በምርጫ አልሞከሩም አይባልም። ዊጄዌራ በ1977 ከእስር ተፈትቶ በ1982 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጥቷል፤ ድምፁ ግን አምስት በመቶ እንኳ አልሞላም። በሚቀጥለው ዓመት በታሚሎች ላይ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ መንግሥት በእነርሱ አሳብቦ ፓርቲውን አገደው። የሁለተኛው ዙር ክፋት ግን በመንግሥት ብቻ የሚላከክ አይደለም፤ በ1987 የታሚሎችን ጥያቄ ለመፍታት የተፈረመውን የሕንድና የስሪ ላንካ ስምምነት ተቃውመው ሲነሡ ከወታደሩ እኩል ሌሎች ግራ ዘመሞችንና የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችንም ገድለዋል። መንግሥትም በበኩሉ ሬሳ በየመንገዱ እያቃጠለ መለሰላቸው። ይህን ስናነብ አገሩን ስሙን ብቻ ለውጠን ያነበብን የሚመስለን ብዙ ሰዎች አለን።

መልስ 3፦ ከቤሩት የተመለሰች፣ ሸዋ ሮቢት

ወንድሞቼ ስለ ሲንሃላና ስለ ከተማ ታሚል ብዙ ብላችኋል፤ ስለ ሻይ ለቃሚዎች ግን ማንም አንድ ቃል አልጻፈም። እኔ መጽሐፍ አንብቤ ሳይሆን ሰባት ዓመት ቤሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ትሠራ ከነበረች የስሪ ላንካ ሴት የሰማሁትን ነው የምጽፈው። በዚያ አገር የቤት ሠራተኛ ሁሉ «ስሪላንኪያ» ይባል ስለ ነበር፣ እኔም ሐበሻነቴ ቀርቶ በእርሷ አገር ስም እጠራ ነበር፤ እሷም በዚህ ትስቅብኝ ነበር።

ልጅቷ ሃተን ከሚባል የሻይ አገር የመጣች ታሚል ነበረች። ቅድመ አያቶቿን እንግሊዞች ለሻይ ሥራ ከደቡብ ሕንድ አምጥተዋቸው፣ በአንድ ረድፍ በተደረደሩ ጠባብ ክፍሎች አኖሯቸው፤ እሷም የተወለደችው እዚያው ረድፍ ውስጥ ነው። ማታ ማታ ልብስ ልናሰጣ ሰገነት ላይ ስንገናኝ መዳፏን ታሳየኝ ነበር፤ የሻይ ቅጠል ያጠቆረው የጣቷ ስንጥቅ ከአገሯ ከወጣች ከሦስት ዓመት በኋላም አልለቀቀም። አንድ ቀን እናቷ መታወቂያ ያገኘችው ልጆች ከወለደች በኋላ መሆኑን ስትነግረኝ አላመንኳትም። በኋላ ስጠይቅ እውነት ሆኖ አገኘሁት፤ አገሪቱ ነፃ በወጣች በ1948 የወጣ የዜግነት ሕግ የእነዚህን ሰዎች ዜግነት ነጠቀ፣ ድምፃቸውም ተከትሎ ሄደ። በ1964 ከሕንድ ጋር በተደረገው ስምምነት ደግሞ 525,000 ያህሉ ወደ ሕንድ እንዲሄዱ፣ 300,000 ያህሉ እንዲቀሩ ተስማሙባቸው፤ እነርሱን የጠየቀ የለም። የመጨረሻዎቹ ዜግነት ያገኙት በ2003 በወጣ ሕግ ነው።

ጋሼ አሮጌው ፓርቲ በቋንቋ ጉዳይ ሞተ ብለዋል፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የግራው መራጭ ከእነዚህ የሻይ ሠራተኞች ብዙ እንደ ነበረ፣ ሕጉም የወጣው አንዱ ይህን ለማጥፋት መሆኑን አንብቤአለሁ። ፓርቲው በ1948 ሕጉን መቃወሙ አይካድም። ነገር ግን ሚኒስትር ሲሆን የት ሄደ? በ1972 አንድ ሰው ከ50 ኤከር በላይ መሬት እንዳይኖረው ተደንግጎ ከዚያም የሻይ እርሻዎቹ ለመንግሥት ሲሆኑ፣ ለቃሚዎቹ የደረሳቸው ረኃብና መባረር ነበር። ዊጄዌራም ቢሆን በአምስቱ ትምህርቶቹ ስለ ሕንድ መስፋፋት ሲያስተምር እነዚህን ድሆች የባዕድ እጅ አድርጎ ነበር የሚቆጥራቸው። ስለዚህ ሁለቱም ግራዎች ከሠራተኛው ሁሉ የበለጠ ሠራተኛ የሆነውን ሰው ከደጅ አስቀርተውታል።

አሁንም ከልጅቷ ጋር በስልክ እንገናኛለን። በ2024 መስከረም የእርሷ አገር ሰዎች ዲሳናያኬን አልመረጡም፤ በሁለት ወሩ ለፓርላማ ግን የእርሱን ጥምረት መረጡ። ለምን ስላት፣ «ሌሎቹን ሁሉ ሞክረናቸዋል» አለችኝ፤ ቀጥላም የምታወራው ስለ ቀን ደሞዝ፣ ስለዚያ 1,700 ሩፒ ብቻ ነበር።

መልስ 4፦ የባንክ ሠራተኛው፣ ደብረ ብርሃን

ከላይ ያሉትን ጽሑፎች በደስታ አነበብኩ፤ ሆኖም የ2024ቱን ድል ከ1935 ጀምሮ ለማብራራት መሞከር ለእኔ ከመጠን ያለፈ ይመስለኛል። ዲሳናያኬ በ2019 ተወዳድረው ያገኙት 3.16 በመቶ ነበር፤ በ2024 በመጀመሪያው ቆጠራ 42.31 በመቶ አገኙ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ማርክሲስት አልሆነም። በመካከሉ የሆነው ነገር በሚያዝያ 2021 ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ ኬሚካል ማዳበሪያን በአንድ ጊዜ ማገዱ፣ ምርትም መውደቁ፣ የውጭ ምንዛሪም ማለቁ፣ በሚያዝያ 2022 አገሪቱ ዕዳዋን መክፈል ማቆሟ፣ በሐምሌም ሕዝቡ ቤተ መንግሥቱን ወርሮ ሰውየውን ማባረሩ ነው። በማዳበሪያ ወረፋ ያደረ የእኛ ገበሬ የመጀመሪያውን ክፍል ከማንም በላይ ይረዳዋል። እንግዲህ ሌሎቹ ፓርቲዎች በሙሉ በሙስና ሲጨማለቁ እጁ ያልነካው አንድ ፓርቲ ብቻ ቀረ፤ እርሱን መረጡ። ዲሳናያኬም በ2014 የመሪነቱን ቦታ እንደ ያዙ ስለ ቀድሞው ግድያ በይፋ ይቅርታ መጠየቃቸው መንገዱን ጠርጎላቸዋል።

ስለ ወደፊቱ ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። ከዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ጋር በመጋቢት 2023 የተፈረመውን ሦስት ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚሆን ብድር ይህ መንግሥት አልቀደደውም፤ እንዲያውም ከወለድ በፊት ያለው የበጀት ትርፍ ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት 2.3 በመቶ እንዲሆን የሚያዘውን ግዴታ ይዞ ቀጥሏል። ሶሻሊስት ቢሉትም ባይሉትም፣ ለሻይ ለቃሚዋ ደሞዝና ለትምህርት ቤት የሚተርፈው ገንዘብ የሚወሰነው በዚያ ቁጥር ነው። እኛም በታኅሣሥ 2023 የቦንድ ወለድ ሳንከፍል ቀርተን በሐምሌ 2024 ከዚያው ድርጅት ጋር የተፈራረምን ነንና፣ የእነርሱን መንገድ በቅርብ መከታተል ይገባናል። በግንቦት 2025 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ጥምረቱ አሁንም አንደኛ ቢወጣም ድምፁ ከግማሽ በታች ወርዷል።

የጠያቂው ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ እኅቴ የጻፈችውን ያገኘሁበት መጽሐፍ አልነበረም። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አልሆነልኝም። የባንኩ ወንድማችን እንዳሉት ነገሩ የኑሮ ውድነትና የሙስና ጉዳይ ብቻ ከሆነ፣ ይህ በሲንሃላ ብሔርተኝነቱ የሚታወቅ ፓርቲ በኅዳር 2024 በታሚሎቹ ከተማ በጃፍና ከስድስት መቀመጫዎች ሦስቱን እንዴት ሊያገኝ ቻለ? ጋሼ፣ ቋንቋው ጉዳይ ነው ካሉ ይህንን እንዴት ያዩታል?

መልስ 5፦ ጡረተኛው፣ አንኮበር

ልጄ፣ ጥያቄህ ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የሸዋ ሮቢቷ ልጃችን እኔ ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ያላየሁትን አሳየችኝ፤ 1948ን መዝለሌ ስሕተት ነበር። ባና ለባሹም ስለ ፊሊፕ ያነሣው እውነት ነው፤ ዘልዬው ሳይሆን ሰውየውን ስለምወደው ነው።

ጃፍና የመረጠችው እንደ እኔ ግምት ብድር ሰጥታ ነው። የራሷ የታሚል ፓርቲዎች እርስ በርስ ተበጣጥሰው ነበር፤ ይህ ጥምረት ደግሞ ከቀድሞዎቹ መንግሥታት በተለየ በጦርነቱ እጁ የለበትም ባይባልም፣ ቢያንስ ወታደር የያዘውን መሬት ለባለቤቱ እመልሳለሁ፣ የ1979ኙን የፀረ ሽብር ሕግም እሽራለሁ ብሏል። ባቲካሎዋ ግን አላበደረችም፤ ከ22 የምርጫ ወረዳዎች ጥምረቱ የተሸነፈባት እሷ ብቻ ናት። ብድሩ የሚመዘነው በክፍለ ሀገር ምክር ቤቶች ምርጫ ነው። እነዚህን ምክር ቤቶች ያመጣው ያው በ1987 እነ ዊጄዌራ ሰው የገደሉበት ስምምነት ነው፤ በ2006ም ሰሜኑና ምሥራቁ በአንድ ምክር ቤት ሥር እንዳይሆኑ በፍርድ ቤት ከስሶ ያስፈረደ ይኸው ፓርቲ ነው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ለምክር ቤቶቹ ምርጫ ሳይደረግ ቆይቷል። ዲሳናያኬ አደርገዋለሁ ብለዋል። ለታሚሎቹ ሥልጣን የሚያካፍለውን ነገር፣ ሊያፈርሰው ሁለት ጊዜ የሞከረው እጅ ይተክለው እንደ ሆነ ማየት ነው የቀረን። የባንኩ ልጅ 2.3 በመቶውን ይከታተል፤ እኔ ይህንን እከታተላለሁ።

ለክፍልህ ደግሞ አንድ ነገር ልምከርህ። ኮልቪን በ1956 ያለውን ሰሌዳ ላይ ጻፍላቸውና ይከራከሩበት፤ ግማሾቹ ትክክል ነው፣ ግማሾቹ ስሕተት ነው ይላሉ። የ1972ቱን ሕገ መንግሥት ማን እንዳረቀቀው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አትንገራቸው።

የጠያቂው ምላሽ

እሺ ጋሼ። ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ አለኝ። የኋላ ወንበሩን ልጅ ከፊት አስቀምጬ ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው እርሱ እንዲሆን አደርጋለሁ።